ከንፈሬ ሰማያዊ ሆኗል፤ ቫይታሚን ሲ ያድነኛል?

ጥያቄ፦ ለቆዳ ሕመም ዳፕሶን ታዝዞልኝ ከጀመርኩ ወር አለፈኝ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ከንፈሬና ጥፍሮቼ ሰማያዊ ሆነዋል፤ በጣት የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ 86 ያሳያል። ቫይታሚን ሲ ይህን እንደሚያድን በጥናት ተረጋግጧል ስለተባልኩ ከፋርማሲ ገዝቼ በየቀኑ ብዙ ፍሬ እውጣለሁ። ተኝቼ ትንፋሼ ይቆረጥ ይሆን? (አንዲት አንባቢ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ የጻፉልኝ ስለ ቫይታሚን ቢሆንም ያስጨነቀዎ ሌሊቱ እንደሆነ ይገባኛል። የምጠረጥረው ሜትሄሞግሎቢኒሚያን ነው፤ ዳፕሶን በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ያለውን ብረት ሲለውጠው ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል እንጂ ሳንባዎ ሥራውን አላቆመም። መንስኤው የሚታወቅ፣ በጊዜ ከተደረሰበትም የሚድን ሕመም ነውና አይሸበሩ።

የሰሙት ጥናት ሐሰት አይደለም። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዶክተር ጄምስ ዲኒ በሰሜን አየርላንድ ቆዳቸው ሰማያዊ የሆነ ወንድማማቾችን በቫይታሚን ሲ አክሟል። እነርሱ ግን ከተወለዱ ጀምሮ ኤንዛይም የጎደላቸው ነበሩ፤ የእርስዎ በመድኃኒት የመጣ ነው፤ ቫይታሚኑም አዝጋሚ ስለሆነ ለአስቸኳይ ሕክምና አይበቃም።

«ቫይታሚን ነው፣ የተረፈው በሽንት ይወጣል» የሚለውን አባባል በየዕለቱ ስለምሰማው ትዕግሥቴን ጨርሶታል። አዋቂ ሰው በቀን ከ100 ሚሊ ግራም ያነሰ ይበቃዋል፤ አንዱ ፍሬ ግን 500 ወይም 1,000 ሚሊ ግራም ሊይዝ ይችላል። ትርፉ ሁሉ እንዲሁ አይወጣም፤ ከፊሉ ኦክሳሌት ወደሚባል ንጥረ ነገር ተለውጦ በኩላሊት ውስጥ ጠጠር ሊሠራ፣ ሲበዛም ኩላሊቱን ሊጎዳ ይችላል። ጂ6ፒዲ የተባለው ኤንዛይም በተፈጥሮ ያነሰው ሰው እጅግ ብዙ ከወሰደ ቀይ የደም ሕዋሳቱ ሊፈርሱ ይችላሉ። የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ ደግሞ አንዳንድ መለኪያዎች ስኳሩን ከእውነተኛው አብልጠው ያሳያሉ፤ በዚያ ላይ ኢንሱሊን የጨመረ ሰው ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ከብርቱካን ማንም አልተጎዳም፤ እኔ የምለው በእፍኝ ስለሚዋጠው ክኒን ነው።

የኦክስጅን መለኪያው በሚያሳየው ቁጥርም አይጽናኑ። በዚህ ሕመም መለኪያው ይሳሳታል፤ ሕመሙ እየከፋ ሄዶም 85 አካባቢ ሊቆም ይችላል። የአዲስ አበባ ከፍታ ነው የሚልዎትንም አይስሙ፤ ከፍታችን ብቻውን ከንፈርን ሰማያዊ አያደርግም።

ሁለት ሳምንት መጠበቅ አልነበረብዎትም። ዛሬውኑ፣ ቀጣዩን ዳፕሶን ሳይውጡ፣ የመድኃኒቱን ፓኬት ይዘው ጥቁር አንበሳ ወይም በአቅራቢያዎ ባለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይቅረቡ። የዋጡትን ቫይታሚንም አይደብቁ። የዚህ ሕመም ማከሚያ የሆነው መቲሊን ብሉ ከመሰጠቱ በፊት በቤተሰብዎ የጂ6ፒዲ እጥረት ካለ ይናገሩ፤ ለእነዚህ ሰዎች መድኃኒቱ ራሱ አደገኛ ነው። የትንፋሽ ማጠር፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም መደናገር ካለ ብቻዎን አይሂዱ፤ አምቡላንስ ይጠራ።