ሴንጢውን ተወው፦ ከመንገድ ጠብ በሕይወት ስለመውጣት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብሁት። ማታ ሱቅ ዘግተህ ከቀበሌ 14 ወደ ዓባይ ማዶ በእግርህ እንደምትገባ፣ በቅርቡ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ነገር እንደፈለጉህ፣ ከዚያ ወዲህ ቢላዋ ማስጣያ ቪዲዮ ስትመለከት እንደምታመሽ ጽፈሃል። የትኛው ስፖርት ይሻላል፣ ክራቭ ማጋ የሚባለው የእስራኤሎች ራስን መከላከያስ፣ ቢላዋ እንዴት ይቀማል፣ ሴንጢ ብይዝስ? ብለሃል። ከመጨረሻው ልጀምር፤ አትያዝ። ምክንያቱን በኋላ እመጣበታለሁ።

ስለ ራሴ አጭር ነገር ልበል። በወጣትነቴ ቦክስ፣ ከዚያም ጁዶ ሠርቻለሁ፤ ቀጥሎ ለዓመታት እዚሁ ባሕር ዳር በአንድ የምሽት ሙዚቃ ቤት በር ላይ ጥበቃ ሆኜ ቆምሁ። ከሁለቱ ስፖርቶች ይልቅ ያስተማረኝ በሩ ነው። አሰልጣኝ ጠብን የሚያሳይህ ከመጀመሪያው ቡጢ ጀምሮ ነው፤ በረኛ ግን ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምሮ ያየዋል። እዚያ ቆሜ እንዳየሁት፣ ደህና ሆነው ወደ ቤታቸው የገቡት ጭንቅላታቸውን የሸፈኑ፣ ያልወደቁና ቶሎ የሄዱ ናቸው። ጎበዝ ተደባዳቢ ተብለው ጥርሳቸውን ያጡ ብዙ አውቃለሁ።

መጀመሪያ ቀማኛንና ጠበኛን ለይ። ቀማኛ የሚፈልገው ዕቃህን ነው። ስልክህን ጠየቀህ? ስጠው፤ አለዚያም ወደ ጎን ወርውርለትና እሱ ሲያነሳ አንተ በተቃራኒው ሂድ። ማጅራት መቺ ደግሞ ከኋላ ስለሚመጣ ምንም ዓይነት ስፖርት አይመክተውም። እሱን የሚመክተው ጆሮህ ነው። ማታ ስትሄድ የጆሮ ማዳመጫህን አውልቅ፤ ስትታጠፍ ከአጥሩ ራቅ ብለህ በሰፊው ዙር፤ ከኋላህ የሚሰማው ኮቴ ከፈጠነ ዞረህ በግልጽ እየው። መታየቱን ያወቀ ሰው ብዙ ጊዜ ሐሳቡን ይቀይራል። ስለ ቀማኛ ይህ ይበቃል።

ጠበኛ ሌላ ነው። እሱ የሚፈልገው ጓደኞቹ ፊት የሚያገኘውን ክብር ነው። «ምን ታያለህ?» «ማን መሰልሁህ?» ይልሃል። ይህ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ የለውም፤ ስለዚህ መልስ አትፈልግለት። «የማውቅህ ሰው መስለኸኝ ነው፣ ይቅርታ ወንድሜ» በልና እግርህን አታቁም። ስለ እናትህ ቢናገርም እንዲሁ። ይህ ለእኛ ሰው ከባድ መሆኑን አላጣሁትም፤ በር ላይ ካየኋቸው ጠቦች ስንቱ በእናት ስድብ ተጀመረ! እናትህ ግን የምትፈልገው በእግርህ እንድትገባላት እንጂ ተሰደብሁ ብለህ በቃሬዛ እንድትመጣላት አይደለም።

እየተናገረ ሳለ እጆቹን ተመልከት። ሰዓቱን ፈትቶ ለጓደኛው ሲያቀብል፣ ጋቢውን ወይም ጃኬቱን ሲያወልቅ፣ ወሬውን ድንገት አቋርጦ ግራ ቀኝ ሲቃኝ፣ አንድ እግሩን ወደ ኋላ ሲስብ፣ የቃሉ ጊዜ አልፏል። እስከዚያ ድረስ እጁን ዘርግቶ ከማይደርስብህ ቦታ ቁም፤ እጆችህንም መዳፋቸውን ከፍተህ ደረትህ ፊት ያዛቸው። ቡጢ ቢመጣ እጅህ ቅርብ ነው። የሚያይ ሰውም ነገ ፖሊስ ጣቢያ ሲመሰክር «እሱስ ሲለምን ነበር» ይላል።

አሁን በውጭ አገር ቪዲዮዎች ውስጥ ስለማታገኘው፣ እዚህ ግን ከጠብ ስለማይጠፋው ሰው ልንገርህ፤ ስለ ገላጋይ። ገላጋይ ባይኖር ኖሮ ከተማችን ስንት ሬሳ ታነሣ እንደነበር አላውቅም፤ ሆኖም በር ላይ ካየኋቸው ክፉ ጉዳቶች አንዳንዶቹ የደረሱት በገላጋይ እጅ ውስጥ ነው። ገላጋይ የሚይዘው የሚያውቀውን ወይም የተረጋጋውን ነው፤ ያበደውን ለመያዝ ይፈራል። አንድ ምሽት አንዱን ልጅ የራሱ ጓደኛ ከኋላ አቅፎ፣ ሁለት ክንዱን ከጎኑ ጋር አጣብቆ፣ «ተው! ስለ ጊዮርጊስ ተው!» ሲለው፣ ተቃራኒው መጥቶ በጠርሙስ ቅንድቡን ከፈለው። ደሙ በራሱ በጓደኛው እጅ ላይ እየወረደ፣ ጓደኛው ግን አሁንም «ተው!» እያለ አልለቀቀውም ነበር።

ስለዚህ ሊይዝህ የሚመጣ ሰው ካየህ ዙርና እሱን በአንተና በባለጋራህ መካከል አስገባው። ከኋላ ካቀፈህ ወዲያው ቁጭ እንደሚል ሰው ወገብህን ዝቅ አድርግ፣ ክርኖችህን ወደ ውጭ ግፋ፣ ቢያንስ አንድ ክንድ ነጻ አውጥተህ ፊትህ ላይ አድርግ። ጮክ ብለህም «እሱን ያዙት፣ እኔ እየሄድሁ ነው» በል፤ ከዚያም በእርግጥ ሂድ። አንተ ገላጋይ በሆንህ ጊዜ ደግሞ የማንንም እጅ ከኋላ አትያዝ። የምታውቀውን ሰው ደረቱን በመዳፍህ እየገፋህ ወደ ኋላ ውሰደው። ከሁሉም ገላጋይ የሚበልጡት ግን እናቶች ናቸው። ሦስት ጥበቃ ያልለያያቸውን ጎረምሶች አንዲት ቆሎ ሻጭ እናት ነጠላቸውን ዘርግተው መካከል ገብተው ሲያስቆሙ አይቻለሁ።

ቃልም ገላጋይም ካልሠራ፣ ሰውነትህ አይታዘዝህም። ልብህ ይደልቃል፣ ጣቶችህ ይደነዝዛሉ፣ ዙሪያህን ማየት ትተህ ፊት ለፊት ያለውን ብቻ ታያለህ፣ ድምፅም ይርቅብሃል። ቪዲዮው ላይ «አንጓውን በአውራ ጣትህ ያዝና ጠምዝዝ» የሚልህ ነገር የሚጠፋው ያኔ ነው። የሚቀርህ በተደጋጋሚ የለመድኸው ትልልቅ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ክራቭ ማጋን ማንሣትህ ጥሩ ነው። መሥራቹ ኢሚ ሊክተንፌልድ ራሱ ቦክሰኛና የትግል ስፖርተኛ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ በብራቲስላቫ የአይሁዶችን ሰፈር ከሚያጠቁ ቡድኖች ጋር ሲጋጠም፣ በውድድር የተማረው ሁሉ መንገድ ላይ እንደማይሠራ አየ፤ ሥራውም ማቅለል ሆነ። እሱ ያቀለለውን መልሶ የሚያወሳስበው ቪዲዮ ሻጩ ነው።

የምትለምደው ጥቂት ነገር ይኸውልህ። አገጭህን ወደ ደረትህ ሳብ፤ በሁለት መዳፎችህ የራስህን አናት ያዝ፤ ክርኖችህን ወደ ፊት አውጣና በመካከላቸው እየተመለከትህ ወደ መውጫው ተራመድ። ቡጢም ቴስታም ክርንህ ላይ ካረፈ የሚጎዳው መቺው ነው። መምታት ግድ ከሆነ ጭንቅላት በቡጢ አትምታ፤ በትንሿ ጣት በኩል ያለው የእጅ አጥንት ይሰበርና ለወር በጀሶ ትቀመጣለህ። በመዳፍህ ግርጌ አገጩን ወይም አፍንጫውን ግፋው፤ ቅልጥሙን በጫማህ ርገጠው፤ ሲንገዳገድ ሩጥ። ቆመህ ውጤቱን አትይ። ከፍ ያለ የቴኳንዶ እርግጫ በአዳራሽ ያምራል፤ በሐምሌ ዝናብ በራሰ ኮብልስቶን ላይ ግን የቆምህበት እግር ቀድሞ ይከዳሃል።

መውደቅን መማር ከመምታት ይበልጣል ስል ሰው ይስቃል። ሰውን ብዙ ጊዜ የሚገድለው ቡጢው አይደለም፤ በቡጢው የወደቀ ሰው ማጅራቱ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ነው። ወደ ኋላ ስትወድቅ እጅህን ለመደገፍ አትዘርጋ፤ አንጓህ ይሰበራል። አገጭህን ደረትህ ላይ ለጥፍ፣ ጀርባህን አጉብጥ፣ በሁለት ክንዶችህ መሬቱን ምታ። ከዚያ አንድ እጅና አንድ እግር መሬት ተክለህ፣ በሌላው እግርህ እየከላከልህ ወደ ኋላ ተነሣ። አገር ቤት ከብት ሲጠብቅ ትግል የገጠመ ልጅ ጥሎ ከላይ መቀመጥ ይወዳል። ሜዳ ላይ ያስመሰግናል፤ መንገድ ላይ ግን የጓደኞቹ እግር ከኋላ ይመጣል።

ቢላዋ እንዴት ይቀማል ላልኸው፣ አይቀማም ብለህ ጀምር። ብዙ ጊዜ አይታይም፤ የተወጋ ሰው በቡጢ የተመታ መስሎት ደሙን ካየ በኋላ ነው የሚያውቀው። ካየኸውና መንገድ ካለህ ሩጥ። ጥግ ከያዘህ ወንበር፣ ቦርሳ፣ በግራ ክንድህ የጠቀለልኸው ጋቢ፣ ያገኘኸውን ነገር በመካከል አድርግ። ምንም ከሌለ የያዘበትን ክንድ በሁለት እጅህ ጨብጠህ ከግድግዳ ወይም ከራሱ ሆድ ጋር አጣብቀው፤ ስለቱን ለመንጠቅ አትሞክር። መቆረጥህ አይቀርም፤ የምትመርጠው አንገትህና ሆድህ ሳይሆን የክንድህ ውጭ እንዲሆን ነው። ዱላ የያዘ ሰው ሲመጣ ደግሞ ከባዱ ጉልበት ጫፉ ላይ ነው። የገና ጨዋታ የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል። ወይ ከማይደርስበት ራቅ፣ ወይ ሰውየውን እስክታቅፍ ድረስ ግባ፤ መካከል ላይ አትቁም።

ሩጫም ቢሆን አቅጣጫ አለው። ወደ ሐይቁ ዳር አትሩጥ። በአንድ ወገን ውኃ፣ በሌላው ዛፍና አጥር ነው፤ ጨለማው ላሳዳጁ ይመቸዋል። ወደ መብራት፣ በረኛ ወዳለው ሆቴል፣ ባጃጆች ወደሚቆሙበት ሩጥ። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 43 ሜትር ስፋት አለውና ለእግረኛ ይመቻል፤ ርዝመቱ ግን 380 ሜትር ነው፤ ከገባህበት በኋላ መውጫህ ሁለቱ ጫፎች ብቻ ናቸው። ከመግባትህ በፊት ማዶውን ተመልከት፤ የሚሻገሩ ሰዎች ካሉ ጠብቀህ አብረሃቸው ሂድ፤ ቅር ካለህ ለባጃጅ ክፈል። ስትጮህም «የሰው ያለህ! ድረሱልኝ!» በል። «ሌባ!» አትበል። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ሲወጣ የሚወግረው የሚሮጠውን ነው፤ የሚሮጠው ደግሞ አንተ ነህ።

ወደ ሴንጢው ልመለስ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራስህን ወይም ሌላውን ሰው ከሕገ ወጥ ጥቃት መከላከልን አያስቀጣም፤ ሁለት ነገር ግን ይጠይቃል፦ ጥቃቱ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል መሆኑን፣ መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆኑን። ልኩን ካለፍህ አንቀጽ 79 ይመጣል፤ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያቀልልሃል፤ በድንጋጤ ወይም በፍርሃት የተደረገ መሆኑን ቢያምን ደግሞ ሊተውልህም ይችላል። አስቀድመህ ኪስህ ያስገባኸውን ስለት ግን ድንጋጤ ነው ብለህ ማስረዳት ይከብድሃል። ከባድ የአካል ጉዳት ማድረስ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ሌላም አለ፤ ኪሱ ስለት ያለበት ሰው ሰው ሲሰድበው እንደ ሌላው ሰው ትቶ አይሄድም። በር ላይ ስንፈትሽ ይህን ከፊታቸው እናነብ ነበር። የወደቀን ሰው መርገጥም መከላከል አይደለም፤ እዚያ ላይ ከተበዳይነት ወደ ተከሳሽነት ትሻገራለህ።

ከጠቡ በኋላ ልብህ እስኪረጋጋ ሕመም አይሰማህም፤ ስለዚህ ብርሃን ያለበት ቦታ ቆመህ ሰውነትህን በእጅህ ዳስስና መዳፍህን ተመልከት። ደም ካለ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀህ ተጫነው፤ የተሰካ ነገር ካለ አትንቀለው። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ቢስቅና ቢያወራም ብቻውን አይደር። ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ራስ ምታቱ ከባሰ ወይም የአንድ ዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ በሌሊትም ቢሆን ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ውሰዱት። ሰው የሚንቀው ደግሞ ቡጢው የሰው ጥርስ ላይ አርፎ የተቆረጠ እጅ ነው፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ቶሎ ያመረቅዛልና ሐኪም ይየው። ለፖሊስም በዚያው ሌሊት አመልክት፤ የሕክምና ማስረጃ የሚጠቅመው ቁስሉ ሳይደርቅ ሲጻፍ ነው።

የትኛው ስፖርት ላልኸው፣ ስሙ ብዙም አያሳስብህ። ጂጎሮ ካኖ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1882 ጁዶን ሲመሠርት ትልቅ ቦታ የሰጠው በእውነት ከሚታገልህ ሰው ጋር በነጻ መግጠምን ነው፤ ፍሬው ያ ነው። ቦክስ ከሆነ መመታትን ትለምዳለህ፤ ጁዶ ከሆነ መውደቅን ትለምዳለህ። ቴኳንዶም ቢሆን ፍልሚያ ያለበት ቤት ካገኘህ እግርህና ትንፋሽህ ይጠቅምሃል። ለአንተ ለአሁኑ ጭንቀትህ እኔ የምመርጥልህ ጁዶ ነው። ከመመዝገብህ በፊት ግን አንድ ልምምድ ቁጭ ብለህ ተመልከት። ተማሪዎቹ አየር ብቻ ሲመቱ ካመሹ፣ ወይም አሰልጣኙ «የእኔ ቴክኒክ አደገኛ ስለሆነ በሰው ላይ አይለመድም» ካለህ፣ ገንዘብህን ይዘህ ሌላ ቤት ፈልግ።