ቲማቲሙን ያሽጉት፣ ወጡን ግን ጠርሙስ ውስጥ አያስገቡት

ጥያቄው የመጣው ጅማ አቅራቢያ ካለችው ሰርቦ አካባቢ በመስኖ ቲማቲም ከሚያመርቱ አንዲት እናት ነው። በአጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ዘንድሮ ሁላችንም ቲማቲም በአንድ ሰሞን አደረስንና ጅማ ገበያ ላይ የሚገዛን ጠፋ። ማሳ ላይ ከሚበሰብስ ብዬ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ስልስ ሠራሁ። ግማሹ ላይ የተፈጨ ሥጋ ጨመርኩበት። ትኩሱን በማርማላታ ጠርሙስ ሞልቼ፣ ከድኜ ገልብጬ አስቀመጥኩት። አዲስ አበባ ለሚማረው ልጄ ልልክለት ነው። ጎረቤቴ ዓመት ይቆያል ትላለች፣ ባለቤቴ ደግሞ ፈራ። አሁን ሳምንት ሆኖታል። ይበላል? ፕሬሸር ኩከርም አለኝ፣ በእሱ ብቀቅለው ይሻላል?»

እህቴ፣ ባለቤትዎ መፍራታቸው ልክ ነው። መጀመሪያ መደርደሪያ ላይ ስላሉት ጠርሙሶች ልንገርዎት፣ ምክንያቱን ከዚያ እናገራለሁ። ሥጋ ያለበትም፣ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ ያለበትም ይወገድ። አይክፈቱት። «ትንሽ ቀምሼ ልየው» የሚባል ነገር እንዳይኖር። ለልጅዎ አይላክ። ለውሻና ለዶሮም አይሰጥ፤ ጠርሙሱ ውስጥ ሊኖር በሚችለው መርዝ ዶሮም ትታመማለች፣ አንገቷ ዝልፍልፍ ይልና ቀና ማድረግ ያቅታታል። ከነጠርሙሱ በፌስታል ደራርበው ይሰሩትና ከብትም ውሻም የማይደርስበት ቦታ ጠለቅ አድርገው ይቅበሩት። የፈሰሰ ነገር ካለ ቦታውን በበረኪና ይጥረጉ። ደክመውበታል፣ የዘይቱና የሥጋው ዋጋም ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ይጣል።

ከቤተሰቡ የቀመሰ ሰው ካለ ደግሞ ይከታተሉት። ነገር ለሁለት መታየት፣ የዓይን ቆብ መውደቅ፣ አፍ መያያዝ፣ መዋጥ ማቃት፣ እጅና እግር መዛል ከታየ ለነገ አይባልም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው፣ ምን እንደበላም ለሐኪሙ ይነገር። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከተበላ በኋላ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ ግን ብዙ ቀን ቆይቶም ሊመጣ ይችላል። ትኩሳት ስለሌለው ሰው ድካም ነው ብሎ ይዘናጋል።

አሁን ወደ ምክንያቱ። አፈር ውስጥ የሚኖር ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባል ባክቴሪያ አለ። ሽንኩርቱም፣ ነጭ ሽንኩርቱም፣ ቲማቲሙም ከማሳ ሲመጣ ይዞት ሊመጣ ይችላል። በአዘቦቱ ቀን ምንም አያደርገንም። ችግሩ የሚጀምረው አየር የሌለበት፣ እርጥበት ያለው፣ ኮምጣጣ ያልሆነና ሞቅ ያለ ቦታ ሲያገኝ ነው። በደንብ የተከደነ የስልስ ጠርሙስ ማለት ደግሞ በትክክል ይኸው ነው። እዚያ ውስጥ ተራብቶ መርዝ ያመነጫል። የተመረዘው ምግብ ሊሸት ይችላል፣ ላይሸትም ይችላል። ክዳኑ ያበጠ ጠርሙስ እንደሚጣል ሁሉም ያውቃል፤ የሚያስፈራው ምንም ሳያብጥ፣ ቀለሙም ሽታውም ሳይለወጥ የሚቀመጠው ነው።

«አፍልቼዋለሁ እኮ» ይሉኛል። ባክቴሪያው በመፍላት ይሞታል፣ ዘሩ ግን አይሞትም። ክፉ ጊዜ ሲመጣበት ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ የሚተኛበት ስፖር የሚባል መልክ አለው፤ እሱን ለመግደል ከ116 እስከ 121 ዲግሪ ሙቀት ያስፈልጋል። የእኛ ሀገር ውሃ ደግሞ 100 እንኳ አይደርስም። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው ወደ 94 ዲግሪ ላይ ነው። ወደ ደዶ ከወጡ ከዚያም በታች ይፈላል። ቀኑን ሙሉ ቢንተከተክ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ ቆላ ላይ ወይም ውጭ ሀገር የተጻፈ የማሸጊያ ሰዓት ሳይስተካከል ለእኛ አይሠራም።

በርበሬው ይገድለዋል የሚሉ አሉ፣ አይገድለውም። ዘይቱ ከላይ ተንሳፎ ይጠብቀዋል የሚሉም አሉ። እንዲያውም ዘይቱ አየር ይከለክልና ለባክቴሪያው ይመቸዋል፤ በተለይ ነጭ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ዘፍዝፎ ከፍሪጅ ውጭ ማስቀመጥ በብዙ ሀገር ሰው የታመመበት ነገር ነው።

ታዲያ እናቶቻችን ምግብ ሲያቆዩ እንዴት አልታመሙም? ያቆዩት የነበረው ውሃ የሌለውን ነዋ። ቋንጣው ደርቋል። ንጥር ቅቤው ውሃው እስኪያልቅ ተነጥሯል። ድርቆሹም ደረቅ ነው። አዋዜው ጨው በዝቶበታል። እርጥብ ወጥ አሽጎ ወር ማስቀመጥ በእኛ ማጀት የተለመደ ነገር አልነበረም፣ ስለዚህ «ድሮም ይደረግ ነበር» የሚለው እዚህ ላይ አያዋጣም።

መልካሙ ዜና ቲማቲሙ ራሱ ማዳን የሚቻል መሆኑ ነው። ባክቴሪያው ኮምጣጣ ነገር ውስጥ አይራባም፤ ወሰኑ ፒኤች በሚባለው የኮምጣጣነት መለኪያ 4.6 ነው፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኮምጣጣነቱ ይጨምራል። ከዚያ በታች ከሆነ የፈላ ውሃ ይበቃል። ቲማቲም እዚያው ወሰን ላይ ይወዛወዛል፤ አንዱ ፍሬ ከወሰኑ በታች ሆኖ ሌላው፣ በተለይ ከልክ ያለፈ የበሰለው፣ ከወሰኑ በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ኮምጣጣ እንጨምርበታለን። ሽንኩርትና ሥጋ ግን ከወሰኑ በጣም ርቀው በላይ ናቸው፤ እነሱ ሲገቡ ቲማቲሙ ያለውን ኮምጣጣነት ይበሉታል። የኔ ምክር ይኸው ነው፦ ጠርሙስ ውስጥ ቲማቲም ብቻውን ይግባ። ሽንኩርቱ፣ ዘይቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ሥጋው ወጥ በሚሠራበት ቀን ድስት ላይ ይገናኙት። ቁሌቱን አቁላልተው ጠርሙሱን ሲገለብጡበት ጣዕሙ ከአዲስ ቲማቲም ብዙም አይርቅም፣ ዘይትና ሽንኩርትም አስቀድመው አያወጡበትም።

አሠራሩን ልንገርዎ። ጤነኛ፣ ጠንከር ያለ፣ በደንብ የቀላ ፍሬ ይምረጡ። የተሰነጠቀ፣ ትል የገባበት፣ ወይም ዋግ መትቶት ከደረቀ ተክል ላይ የተለቀመ አይሁን፤ ከሞተ ተክል የተለቀመ ፍሬ ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል። እንደ ሮማ ቪኤፍ ወይም መልካ ሳልሳ ያለ ሥጋማ ዝርያ ከሆነ ቶሎ ይወፍራል፣ ማገዶም ይቆጥባል። ለ1 ሊትር ቀጠን ያለ ስልስ 2 ኪሎ ተኩል ገደማ፣ ወፈር ላለው 3 ኪሎ ያስቡ። አጥበው፣ ቆራርጠው አፍሉት፣ ልጣጩንና ዘሩን በወንፊት አጣርተው ያስወግዱና የሚፈልጉት ውፍረት እስኪደርስ ይንተክተክ። ዱቄትም ቅቤም አይግባበት። ጨው ለጣዕም ትንሽ ይቻላል፣ ለማቆየት ግን አይቁጠሩት።

ኮምጣጣው የሚጨመረው ድስቱ ላይ አይደለም። እያንዳንዱ ጠርሙስ ውስጥ ለብቻው ነው፣ ያለዚያ አንዱ ብዙ አግኝቶ ሌላው ባዶ ይቀራል። ለ1 ሊትር ጠርሙስ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ፣ ወይም 2 የሾርባ ማንኪያ ፋብሪካ የታሸገ የሎሚ ጭማቂ፣ ወይም 4 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ። አቼቶው ላይ 5 በመቶ የሚል ጽሑፍ መኖሩን ይዩ፤ ከዚያ የቀጠነ ከሆነ ይተዉት። ለግማሽ ሊትር ግማሹ ይበቃል። ከጓሮ የተለቀመ ሎሚ ያሳሳል፣ ግን ኮምጣጣነቱ ከፍሬ ፍሬ ስለሚለያይ በእሱ አይተማመኑ። ከኮመጠጠብዎት ስትሠሩ ትንሽ ስኳር ጣል ይደረጋል፣ ኮምጣጣው ግን አይቀነስም።

ጠርሙሱ አፉ ያልተሸረፈ፣ በሙቅ ውሃ ታጥቦ የሞቀ ይሁን። እውነቱን ለመናገር እኛ ጋ የሚያስቸግረው ክዳኑ ነው። የማርማላታና የማዮኔዝ ክዳን ውስጡ ያለው ላስቲክ አንዴ ተጨፍልቋል፣ ሁለተኛ ጊዜ ብዙውን ጊዜ በደንብ አይዝም። አዲስ ክዳን ከነጠርሙሱ የሚሸጥ ካገኙ ይግዙ። ካላገኙ ወደ ማድረቁ ይሂዱ፣ እሱን ወደ ታች እነግርዎታለሁ።

ትኩሱን ስልስ ትኩስ ጠርሙስ ውስጥ ይሙሉ፣ ከላይ የአንድ ጣት ወርድ ያህል ይጉደል። በንጹሕ እንጨት ዳር ዳሩን ነካ ነካ አድርገው አረፋውን ያስወጡ። አፉን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ እዚያ ላይ የቀረች አንዲት የቲማቲም ዘር ክዳኑ እንዳይገጥም ታደርጋለች። ትልቅ ድስት ታች ጨርቅ ወይም የእንጨት ርብራብ ያንጥፉ፣ ብርጭቆው ብረቱን ከነካ ሊሰነጠቅ ይችላል። ጠርሙሶቹን ይደርድሩና ሙቅ ውሃ ከክዳኑ በላይ ቢያንስ ሦስት ጣት እስኪሆን ይጨምሩ። ሰዓት መቁጠር የሚጀመረው ውሃው እንደገና በደንብ ሲንተከተክ ነው። በእኛ ከፍታ ለግማሽ ሊትር 50 ደቂቃ፣ ለ1 ሊትር 60 ደቂቃ አድርጉት። መሃል ላይ እሳቱ ደክሞ ወይም መብራት ጠፍቶ መንተክተኩ ከቆመ፣ ሲመለስ ቆጠራው ከዜሮ ነው። ቅር አይበልዎ፣ የቀረውን ብቻ ማሟላት አይበቃም። መብራት የሚያስቸግርበት ሰፈር ከሆኑ በማገዶ ይጀምሩ፣ በቂ እንጨትም አጠገብዎ ይኑር።

ሲያልቅ እሳቱን አጥፍተው 5 ደቂቃ ይቆዩ፣ አውጥተው ነፋስ የማይመታው ቦታ ጨርቅ ላይ ያስቀምጡ። አይገልብጡት። ገልብጦ ማስቀመጥ ክዳኑን አጣብቆ የተሳካ ያስመስለዋል እንጂ ውስጡን አያበስልም። ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ጧ እያለ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። በማግስቱ መሃሉን በጣት ይጫኑት፤ ወደ ታች ወርዶ ከቀረና የማይንቀሳቀስ ከሆነ ይዟል። የሚነሳና የሚወርድ ከሆነ አልያዘም፣ ፍሪጅ ገብቶ ቶሎ ይበላ። የያዘው ላይ ቀን ይጻፉበት፣ ብርሃን የሌለበት ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፣ በዓመት ውስጥ ይለቅ።

ፕሬሸር ኩከሩን በተመለከተ፦ ሥጋና ሽንኩርት ያለበት ምግብ በጠርሙስ የሚታሸገው በግፊት ነው፣ እውነት ነው። ግን መሣሪያው ሌላ ነው። ትልቅ ነው፣ ግፊቱን የሚያሳይ ሰዓት ወይም የተመጠነ ክብደት አለው፣ ቀስ ብሎ ሞቆ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፤ የማሸጊያ ደቂቃዎቹ የተሰሉትም ይህንን ሁሉ ቆጥረው ነው። በዚያ መሣሪያ እንኳ ሥጋ ያለበት ስልስ በ1 ሊትር ጠርሙስ 70 ደቂቃ ይወስዳል፣ ግፊቱም ለከፍታችን ይጨመርበታል። የቤቱ ባቄላ መቀቀያ ቶሎ ሞቆ ቶሎ ይበርዳል፣ ስለዚህ አይተካውም። ሽሮና በቅቤ የተሠራ ዶሮ ወጥ ደግሞ በየትኛውም መሣሪያ ቤት ውስጥ አይታሸግም፤ ውፍረቱና ቅባቱ ሙቀቱ መሃል ድረስ እንዳይደርስ ይከለክላል።

ስለዚህ ለልጅዎ ሥጋውን ቋንጣ አድርገው ይላኩለት። ስልሱን ለብቻው በጠርሙስ። ሽንኩርት አዲስ አበባም ይገዛል፣ ሦስቱን ራሱ ያገናኛቸው።

ክዳን ካጡ ወይም ምርቱ ከጠርሙስ በላይ ከሆነ ያድርቁት። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያህል ይከትፉት፣ ትንሽ ጨው ይነስንሱበት። ቡና እንደሚደርቅበት አልጋ ያለ ከመሬት ከፍ ያለ ወንፊት ላይ በአንድ ሽፋን ያስጡት፣ በሻሽ ይሸፍኑት። አልጋው ግን ለዚሁ ብቻ የተሠራ ንጹሕ ይሁን። ጅማ ዝናቧ አታስጨርስም፤ ሰማዩ ከዳመነ ወደ ቤት ይግባ፣ ማታ ማታም አይደር። ሲታጠፍ እንደ ቆዳ የሚሆን፣ ሲጫኑት እርጥበት የማይወጣው ሲሆን ደርቋል። አየር የማያስገባ ዕቃ ውስጥ ይክተቱትና በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ይዩት፤ ዕቃው ውስጡ ጤዛ ካሳየ እንደገና ይሰጣ። ሻገት ያለው ይጣል። ከቲማቲሙ ጋር ነጭ ሽንኩርት ጨምሮ ዘይት ውስጥ መዘፍዘፍ ግን አሁንም የለም።

ለካፌ ልሽጥ ካሉ የምግብ ማምረት ፈቃድ ይጠየቃል፤ ከመጀመርዎ በፊት ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ጎራ ይበሉ። ለሚቀጥለው መስኖ ደግሞ ችግኙን በአንድ ቀን አያዛውሩት። መሬቱን ሦስት ቦታ ከፍለው በየሁለት ሳምንቱ ያዛውሩ፣ ከጎረቤቶችዎም ጋር ማን መቼ እንደሚያደርስ ይነጋገሩ። ለሩቅ ገበያ የሚሄደውን መቅላት ሲጀምር ይልቀሙት፣ በጆንያ ሳይሆን በሳጥን ይጫን፣ እስኪጫን ድረስም ጥላ ሥር ይቆይ። ማሳው ላይ አሁን የቀረውን ግን ነገ ዛሬ ሳይሉ ይለዩት፦ ጠንካራው ለጠርሙስ፣ ለስለስ ያለው በዚሁ ሳምንት ለሚበላ ስልስ፣ የተበላሸው ከማሳ ወጥቶ ይቀበር፣ የቲማቲም አባጨጓሬ እዚያው ተራብቶ ለሚቀጥለው እንዳይጠብቅዎት።