ብስክሌት በሰፈራችን እንዲለመድ ምን እናድርግ?

በዚህ እትም ከአዲስ አበባ ዳርቻዎች የደረሱንን ሦስት ደብዳቤዎች መርጠናል። ሦስቱም ስለ ብስክሌት የሚጠይቁ በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነዋሪና የማኅበራችን ኮሚቴ አባል ነኝ። በየማለዳው ለታክሲ የሚሰለፈውን ሕዝብ እያየን፣ ነዋሪው ብስክሌት እንዲለምድ ለመቀስቀስ ከጥቂት ጎረቤቶቼ ጋር ተነሣሣን። አንድ እሑድ ወጣቶችን አሰባስበን ሰፈሩን በብስክሌት ዞርን፤ ሰዉም በደስታ ተቀበለን። ሰኞ ጠዋት ግን ሁሉም እንደ ወትሮው ሰልፉ ላይ ነበር። ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እሑድን መርጣችሁ መውጣታችሁ ተገቢ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ጎዳናዎችን ለተሽከርካሪ ዘግቶ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ በከፈተ ጊዜ፣ ብዙ የከተማው ልጅ በአስፋልት ላይ ያለ ስጋት መንዳት ምን እንደሚመስል አይቷል። ይሁን እንጂ ሰኞ ጠዋት ሰውን የሚያስጨንቀው ሌላ ነው፦ ብስክሌቱን የት ያቆመዋል? ሲመለስስ ያገኘዋል? የእነዚህን መልስ ያላገኘ ሰው የቱንም ያህል ቢቀሰቀስ አይነሣም፤ ስለዚህ ኮሚቴያችሁ ጉልበቱን ከሁሉ አስቀድሞ በማቆሚያ ቦታ ላይ እንዲያውል አጥብቀን እንመክራለን።

ከዚያም በፊት ማንን እንደምትጋብዙ አስቡበት። ከቦሌ አራብሳ ተነሥቶ ሜክሲኮ ወይም ፒያሳ የሚሠራን ሰው መሥሪያ ቤቱ ድረስ በብስክሌት እንዲሄድ መጠየቅ ሐሳቡን ገና ከጅምሩ ያስጠላዋል። ይኸው ሰው ግን ታክሲ ተራ፣ ገበያ፣ ወፍጮ ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚደርሰው በእግሩ ነው፤ ሲደክመው ደግሞ ለባጃጅ ይከፍላል። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የእግር ጉዞ ነው። ሰው በእግሩ በሰዓት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ ሳይቸኩል የሚነዳ ብስክሌተኛ ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በመሆኑም 3 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ ታክሲ ተራ በእግር 40 ደቂቃ ያህል የሚወስድ ከሆነ፣ በብስክሌት ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ስለ ብስክሌት የሚደረጉ ቅስቀሳዎች አብዛኛውን ጊዜ ባለመኪናው መኪናውን እንዲተው ይማጸናሉ። በእኛ እምነት በዳርቻ ሰፈሮች የነገው ብስክሌተኛ ዛሬ ኮብልስቶኑን በእግሩ የሚያቋርጠው ሠራተኛና ተማሪ ስለሆነ፣ ንግግራችሁም ለእሱ ይሁን።

አሁን ወደ ማቆሚያው እንምጣ። አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው 15 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ብስክሌት ተሸክሞ ጠዋትና ማታ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ አይዘልቅም። መሬት ላይ ትቶት ቢገባ ደግሞ ሌሊቱን ሲሰጋ ያድራል። መፍትሔው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። የሰፈራችሁ ብየዳ ቤት የብረት ቱቦ አጥፎ ሁለቱን ጫፎች በኮንክሪት ቢቀብርላችሁ፣ ቁመቱም እስከ ወገብ ቢደርስ፣ በግራና በቀኝ ሁለት ብስክሌት ይደገፍበታል። ቁም ነገሩ የብስክሌቱ ዋና ብረትም ጎማውም ከቱቦው ጋር አንድ ላይ መቆለፋቸው ነው። የፊት ጎማን ብቻ የሚይዙትን ዝቅተኛ ማቆሚያዎች አትሥሩ፤ ሌባ ጎማውን ፈትቶ ቀሪውን ይዞ ይሄዳል፣ ብስክሌቱ ሲገፋም ቸርኬው ይጣመማል። ቦታው የጥበቃ ሠራተኛው በሚያየውና ማታ መብራት ባለበት፣ ለምሳሌ በጋራ መገልገያው ሕንፃ አጠገብ ቢሆን ይመረጣል። በጋራ መኖሪያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ መጠቀሚያውን የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶች ማኅበር በመሆኑ፣ ጉዳዩን በጠቅላላ ጉባኤ አስወስናችሁ በቃለ ጉባኤ አስይዙት። ቃለ ጉባኤ የሌለው ማቆሚያ ኮሚቴ በተቀየረ ማግስት የመኪና ማቆሚያ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ማቆሚያ ታክሲ ተራው ላይ ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ የመጀመሪያው ብዙ አይጠቅምም። በአካባቢው በማኅበር ተደራጅተው መኪና የሚያስቆሙ ወጣቶች ካሉ ቀርባችሁ አነጋግሯቸው። አንድ መኪና በሚይዘው ቦታ ላይ ስምንትና ከዚያ በላይ ብስክሌት ስለሚቆም፣ ከእያንዳንዱ ጥቂት ብር ቢቀበሉ እንኳ ገቢያቸው አይቀንስም። እንዲህ ያሉ ወጣቶች ከሌሉም ማለዳ ከፍቶ አምሽቶ የሚዘጋ ባለሱቅ ወይም ጎሚስታ ኃላፊነቱን ሊወስድ ይችላል።

ወደ ወረዳችሁ ስትሄዱም ችሮታ እንደሚለምን ሰው አትሸማቀቁ። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚያገለግል የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት፤ አገር አቀፉም ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ በተሠሩ ጎዳናዎች ላይ የብስክሌት መስመር ተካቷል። እናንተም የምትጠይቁት ይኸው ሐሳብ እስከ ዳርቻው እንዲደርስ ነው። ደብዳቤያችሁ ግን «መሠረተ ልማት ይሟላልን» በሚል ጥቅል አነጋገር አይለቅ። በየትኛው መታጠፊያ የቦይ ክዳን እንደጠፋ፣ የትኛው መሻገሪያ ጠርዙ ከፍ ብሎ ጎማ እንደማያስወጣ፣ በየትኛው ትምህርት ቤት በር ላይ መኪኖች እንደሚፈጥኑ፣ ከፎቶግራፍ ጋር ለይታችሁ ጻፉ። እንዲህ ተለይቶ የቀረበ ጥያቄ ለሠራተኛውም ሥራውን ያቀልለታል።

ሌላው መታሰብ ያለበት ነገር የብስክሌተኛው መልክ ነው። ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት፣ በ1949 ዓ.ም. በተካሄደው የሜልቦርን ውድድር ከሯጮቻችን ጋር ብስክሌተኞችም ተሰልፈዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ይህ የሚያኮራን ታሪክ ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ሰው ብስክሌትን የተወዳዳሪ ወይም በሰዓት ተከራይቶ የሚጫወት ልጅ ዕቃ ብቻ አድርጎ እንዲያየው ሳያደርግ አልቀረም። በባሕር ዳርና በሐዋሳ ግን ሰው በዘወትር ልብሱ ገበያም ሥራም በብስክሌት ይሄዳል። በእናንተም ሰፈር ማንም ሳይቀሰቅሰው ዳቦ የሚያደርስ፣ ለጥበቃ ሥራ የሚመላለስ ወይም ሕንፃ ግንባታ የሚውል ብስክሌተኛ አይጠፋም። በሚቀጥለው ዝግጅታችሁ መድረኩን ለእነዚህ ሰዎች ስጡ፤ በየት በኩል ዳገቱ እንደሚቀል፣ የትኛው መንገድ ውሻ እንደሚበዛበት፣ ማን ጥሩ እንደሚጠግን ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ጥያቄ፦ ጀሞ የምኖር እናት ነኝ። የ13 ዓመት ልጄ ብስክሌት መልመድ ትፈልጋለች። ጎረቤቶቼና አማቴ ግን «ለሴት ልጅ ጉዳት አለው፣ ነውርም ነው» ይሉኛል። እኔም ራሴ አልችልም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ውድ እናታችን፣ ብስክሌት መንዳት ለወንዱ ጤና የሚሰጠውን ጥቅም ለሴቷም ይሰጣል፤ ሴት በመሆኗ ብቻ የሚደርስባት ጉዳት የለም። አማትዎ የሚናገሩት ለልጅ ልጃቸው ከማሰብ መሆኑን አንጠራጠርም፤ ስለዚህ ከመከራከር ይልቅ ስትለማመድ አጠገቧ ሆነው እንዲያዩ ይጋብዟቸው። ነውር ነው ለሚሉት ግን መልሳችን አጭር ነው፦ ልጅቱ ትምህርት ቤት በሰዓቷ ደርሳ ሳትደክም መመለሷ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያሳፍር አይደለም።

ለመልመድ መኪና የማይገባበት ሜዳ ወይም ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ የሚሆን የትምህርት ቤት ግቢ ይፈልጉ። ኮርቻው ሁለቱም እግሮቿ ሙሉ በሙሉ መሬት እስኪረግጡ ዝቅ ይበል፤ ከተቻለም ጎሚስታው ፔዳሎቹን ለጊዜው ይንቀላቸው። ከኋላ ይዞ መሮጥ አያስፈልግም። መሬቱን በእግሯ እየገፋች ትንሸራተት፣ እግሮቿን ጥቂት ከፍ አድርጋ ሚዛኗን ትጠብቅ፣ ፍሬን መያዝም በዚሁ ትለማመድ። ሳትደናገጥ መንሸራተትና መቆም ስትችል ፔዳሉ ይመለስላታል። ከለመደች በኋላ ኮርቻው ከፍ ይበል፤ ተረከዟ ታች በወረደው ፔዳል ላይ ሲያርፍ እግሯ ቀጥ የሚል ከሆነ ልኩ ያ ነው። ኮርቻው ዝቅ እንዳለ ረጅም መንገድ የሚነዱ ልጆች ጉልበታቸውን የሚያማቸው በዚህ ምክንያት ነው። ረጅም ቀሚስና የተፈታ የጫማ ማሰሪያ በሰንሰለቱ እንዳይያዙ ጥንቃቄ ይደረግ። ሌሎች ልጃገረዶችም አብረዋት ቢለማመዱ ደግሞ የሰፈሩ ወሬ በአንዲት ልጅ ላይ አይወድቅም። እርስዎም «አልችልም» ብለው እንዳይቀሩ፤ ዘዴው ለአዋቂም ያው ነው።

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ እኖራለሁ፤ የምሠራው አቃቂ አካባቢ ባለ ፋብሪካ ነው። በብስክሌት መመላለስ እፈልጋለሁ፤ ግን ሲኖትራኮቹን እፈራለሁ። በክረምትስ ይቻላል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ፍርሃትዎ ትክክለኛ ነው፤ የተሽከርካሪ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናልና። አስቀድመው አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ለብስክሌት የተፈቀደ አይደለም። ለመመላለሻ ከዋናው አስፋልት ይልቅ በመኖሪያ ሰፈሮች መካከል የሚያልፉትን መንገዶች ይምረጡ፤ ጥቂት ቢያስረዝሙም ይሻላሉ። በመጀመሪያ እሑድ ማለዳ ረጋ ብለው ነድተው መንገዱን ያጥኑት።

ከከባድ መኪና ጋር ሲገናኙ ከሁሉ የሚከፋው ቦታ የመኪናው ቀኝ ጎን ነው። ሾፌሩ በግራ በኩል ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ በቀኙ ተጠግቶ የቆመ ብስክሌተኛ ላይታየው ይችላል፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ደግሞ የኋላ ጎማዎቹ ከፊተኞቹ ይልቅ ወደ ውስጥ ገብተው ያልፋሉ። ስለዚህ መስቀለኛ መንገድ ላይ በጎኑ ሾልከው ለማለፍ አይሞክሩ፤ ከኋላው ቆመው ያሳልፉት። ከቆሙ መኪኖች አንድ ሜትር ያህል ይራቁ፣ በር በድንገት ሊከፈት ይችላል። ሲመሻሽ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ያብሩ፤ አንጸባራቂ ሰደሪያም ይልበሱ።

ክረምቱን በተመለከተ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም መንዳት የማይቻል አይደለም፤ ሲዘንብ ግን አነዳዱ ይለወጣል። ቸርኬውን የሚቆነጥጠው የፍሬን ጎማ ሲረጥብ ቶሎ ስለማይይዝ፣ ቁልቁለት ከመጀመርዎ በፊት ፍሬኑን ላላ ጠበቅ እያደረጉ ውኃውን ያራግፉለት። ውኃ ካቆረ ቦታ ውስጥ አይግቡ፤ ከሥሩ ክዳኑ የጠፋ ማንሆል ሊኖር ይችላል። ሰንሰለቱን ሲገቡ በጨርቅ ጠርገው ጥቂት ቀጭን ዘይት ያድርጉለት፤ ግራሶ ጭቃና አሸዋ ይዞ ስለሚቀር አይጠቀሙ። ዶፉ ሲበረታ ደግሞ ብስክሌቱን ፋብሪካው ግቢ ቆልፈው በታክሲ ይመለሱ፤ በማግሥቱ በታክሲ ሄደው ማታ ይዘውት ይመጣሉ።