ልጆቹን ፓርክ ልውሰድ ወይስ ይቅር? የክረምት ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ቤት ሲውሉ ወላጆች የሚጽፉልኝ ነገር ይለወጣል። ዘንድሮ ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከደብረ ሲናና ከሸዋ ሮቢት የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ልጆችን ውድ መዝናኛ ፓርክ ስለመውሰድ ነው። ያዋጣል ወይስ ብር ማባከን ነው? ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ አቀርባለሁ።

እቁብ የወጣላት እናት፣ ደብረ ብርሃን

ሦስት ልጆች አሏት፤ የ11፣ የ8 እና የ4 ዓመት። እቁቧ ሲወጣ አዲስ አበባ ፓርክ ልትወስዳቸው ቃል ገብታ ነበር። እቁቡ ወጣ፤ ባለቤቷ ግን መጀመሪያ አጥሩ ይታጠር ይላል። «ልጆቼን አንድ ቀን ባስደስታቸው ምን አለበት?» ትላለች።

ምንም የለበትም እህቴ። ልጅን ማጫወት ብክነት ነው የሚሉ ሰዎችን ፈጽሞ አልስማማቸውም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እቁቡ የወጣልሽ በስንተኛው ዙር ነው? ወደ መጨረሻው ከሆነ ብሩ የገዛ ቁጠባሽ ነው፤ እንደወደድሽ አድርጊው። ገና በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ከሆነ ግን እጅሽ ላይ ያለው አብዛኛው የሌሎች እቁብተኞች ብር ነው። ልጆቹ ጨዋታውን ከረሱት በኋላም መክፈልሽን ትቀጥያለሽ። በዕዳ ብር ፓርክ መሄድን አልመክርም።

ሒሳቡን ደግሞ ከመግቢያ ትኬቱ አትጀምሪ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። የአምስት ሰው ደርሶ መልስ ትራንስፖርት አለ፤ ከመናኸሪያ እስከ ፓርኩ ታክሲ፣ ምሳ፣ ውሃ፣ ልጆቹ አይተው የማያልፉት ፊኛና ጣፋጭ አለ። ብዙ ቦታ ደግሞ በር ላይ የሚከፈለው ለመግቢያ ብቻ ነው፤ ውስጥ ያለው መጫወቻ እያንዳንዱ ለብቻው ያስከፍላል። ሁሉንም ወረቀት ላይ ጻፊና ከባለቤትሽ ጋር ተያዩት። ቁጥሩ ፊት ለፊት ሲቀመጥ ክርክሩ ይቀልላል።

ቀጥሎ ሜትር አውጪና ልጆቹን ለኪያቸው። የሚሽከረከሩትና ሽቅብ የሚወረወሩት ማሽኖች መግቢያ ላይ የቁመት መስመር አለ፤ ከመስመሩ ያነሰ ልጅ አይወጣም፣ ልመናም አይሠራም። አንድ ትንሽ ልጅ ከታላቁ ጋር ወረፋ ጠብቆ ተራው ሲደርስ ከመስመሩ ሥር ቆመ፤ በእግሩ ጣቶች ተንጠራራ። ሠራተኛው ትከሻውን ቀስ አድርጎ ጫን ሲለው ተረከዙ መሬት ነካና አጭር መሆኑ ታየ። ታላቁ ገባ፤ ትንሹ እናቱ ነጠላ ውስጥ ተሸጉጦ አለቀሰ። ይህን ዓይኔ ያየው ነው። ለዚህ ነው ለክተሽ፣ ለአራት ዓመቱ ልጅ ምን እንደሚፈቀድለት ቀድመሽ በስልክ ጠይቂ የምልሽ። ብዙ ካልተፈቀደለት እንደ እንጦጦ ፓርክ የሚሮጥበት ሜዳና ዛፍ ያለበት ቦታ ይሻለዋል።

ቃልሽን አትጠፊ፤ ጉዞውን ግን አሳንሺው። ለእያንዳንዳቸው ቁርጥ ያለ ብር ስጫቸውና የሚጫወቱበትን ራሳቸው ይምረጡ። አዲስ አበባ ዘመድ ካላችሁ እደሩ፤ በዕለቱ ከተመለሳችሁ ቀኑ መኪና ውስጥ ነው የሚያልቀው። የተረፈው ለአጥሩ ይሁን።

ቅዳሜ ይሻላል ወይስ ማክሰኞ?

ማክሰኞ፣ በሩ እንደተከፈተ።

የሁለት ዓመት ልጅ አባት፣ ሸዋ ሮቢት

«ሲያድግ እንዲያስታውሰው» ብሎ ነው ሊወስደው ያሰበው። አያስታውሰውም ወንድሜ። አንተ ማየት ካማረህ ሂድ፤ ለእሱ ብለህ ከሆነ ስድስት ሰባት ዓመት እስኪሞላው ብሩን አስቀምጥለት።

መኪና የሚያስመልሳት ልጅ፣ ደብረ ሲና

የጣርማ በር ዳገትና ጥምዝ አዋቂንም ያስመልሳል። ፊት ለፊት አስቀምጧት፣ መስኮት ክፈቱላት፣ ስልክ አታስይዟት፣ ከመነሳቷ በፊት ቅባት አትብላ። ካልተሻላት ፋርማሲ ጠይቁ።

አያት፣ መሐል ሜዳ

ደብዳቤውን የጻፈችላቸው አብራቸው የምትኖር የልጅ ልጃቸው ናት። ሴት ልጃቸው አሜሪካ ናት፤ እዚያ የወለደቻቸውን ሁለት ልጆች በስልክ እንጂ በአካል አላዩአቸውም። «ዘንድሮ እንመጣለን» ስትላቸው ከርማ ክረምቱ ሲገባ ዲስኒ የሚባል መጫወቻ ሄዱ። ፎቶም ላከች፤ ልጆቹ የአይጥ ጆሮ ያለው ቆብ አድርገዋል። «ያ ቆብ ከእኔ በለጠባት?» ብለው ይጠይቃሉ።

እማማ፣ ቅር ቢልዎት አልፈርድብዎትም። ልጅዎ ያለችበትን ግን ትንሽ ልንገርዎት። ያ ቦታ ፍሎሪዳ ያለው ዲስኒ ወርልድ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲከፈት የአንድ አዋቂ መግቢያ 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ዛሬ ለአንድ ቀን በነፍስ ወከፍ ከ100 ዶላር በላይ ነው፤ 10 ዓመት የሞላው ልጅ የሚከፍለው እንደ አዋቂ ነው። ረጅሙን ወረፋ ማሳጠሪያ የነበረው ነጻ ትኬት እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ በገንዘብ ሆኗል። ሆቴልና ምግብ ሲጨመርበት ለብዙ አሜሪካዊ ቤተሰብም ከባድ ወጪ ነው፤ በዱቤ ካርድ ሄዶ ዓመቱን ሙሉ የሚከፍል አለ። ያም ሆኖ ይሄዳሉ፤ የክፍል ጓደኞቻቸው ሄደው መጥተው ሲያወሩ የእኔ ልጆች ዝም ብለው አይቀመጡ ብላ እናት ትጨነቃለች። እኛ ለእንቁጣጣሽ ልጃችን አዲስ ልብስ ሳይለብስ ሲቀር የሚሰማንን ያስቡት። ለቤተሰብ በሙሉ የአውሮፕላን ትኬት መቁረጥም ቀላል እንዳይመስልዎት። ስለዚህ የእርስዎን ድርሻ አንስታ ለመጫወቻ ሰጠችው ብለው አይዘኑ።

ይህን ብዬም ቢሆን ከእርስዎ ጋር ነኝ። ልጅዎ ይህን የምታነብ ከሆነ ለእሷ የምለው አለኝ። እህቴ፣ ያ ፓርክ ከሃምሳ ዓመት በላይ ክፍት ሆኖ ኖሯል፤ ልጆችሽ ጎረምሳ ሲሆኑም ያገኙታል። እናትሽ ልጆችሽን አቅፈው የሚያነሱበት ጉልበት ግን ያላቸው አሁን ነው። «ገጠር ይሰለቻቸዋል» ብለሽ ፈርተሽ ከሆነ ጓሳ እዚያው መንዝ ነው። ጭላዳ በመንጋ ሆኖ ሣር እየነጨ ሲበላ፣ ቀይ ቀበሮ ጆሮውን ቀስሮ የአይጥ ጉድጓድ ሲጠብቅ የሚያዩበት አገር ነው። ያን ቦታ የመንዝ ሰው አባቶች ባወጡት ሥርዓት ሣሩን እየዘጋና እየከፈተ ከ300 ዓመት በላይ ጠብቆታል። እናትሽ በጓሳ ሣር በተከደነ ቤት ነው ያደግሁት ይላሉ። ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ፣ እንዴት እንደሚከደን፣ ገመዱ እንዴት እንደሚገመድ ልጆችሽ ከእሳቸው አፍ ቢሰሙት ስንት ነገር ይዘው ይመለሳሉ!

እማማ፣ እርስዎም ቅሬታዎን በጎረቤት አይላኩ። ራስዎ ደውለው «ቅር ብሎኛል፤ ልጆቹን ማየት እፈልጋለሁ» ይበሏት። ሁሉም አንድ ላይ ካልመጡ አይበሉ፤ አንዱን ልጅ ይዛ ብትመጣም ይሁን። ያስፈራት የመንገዱ ጸጥታ ከሆነም በግልጽ ትንገርዎት። በዚህ ጊዜ የሚያሳፍር ምክንያት አይደለም። የመንገዱን ሁኔታ ከሹፌሮች አጣርታችሁ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ላይ መገናኘት ትችላላችሁ።

መምህር፣ ደብረ ብርሃን

ትምህርት ቤቱ ተማሪዎችን አንድነት ፓርክ ሊወስድ አስቧል፤ ግማሹ ወላጅ ወጪውን አልቻለም።

አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተ፣ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ያለ ቦታ ነው፤ መታየቱን እደግፋለሁ። ግን ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት አንጎለላ፣ እዚሁ አጠገባችሁ ነው። አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት የነገሡበት አንኮበርም ከእናንተ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን ከዚያ ጀምሩ፤ አዲስ አበባው ለከርሞ ይደርሳል፣ ልጆቹም የሚያዩትን አውቀውት ይሄዳሉ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንሃለሁ፤ የከፈለ ሄዶ ያልከፈለ ቤቱ የሚቀርበት ጉዞ አታዘጋጁ። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ሁሉም ሲያወራ ያ ልጅ የት ይግባ? ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ይቅር።

ደብረ ብርሃን ላይ እንዲህ ያለ ፓርክ ለምን አይሠራም?

ቢሠራ ደስ ይለኛል። እስከዚያው ሰንሰለታቸው የተበጠሰው ዥዋዥዌዎች ይጠገኑ።

የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ አባት፣ እነዋሪ

ልጁ 9 ዓመቱ ነው፤ መድኃኒት ይወስዳል። የአጎቱ ልጆች ፓርክ ሲሄዱ እሱን «ማሽን ላይ ከወጣ ይሞታል» ብለው ሊያስቀሩት ነው። እሱ እያለቀሰ ነው።

ዘመድ የሚወስነው ጉዳይ አይደለም፤ እኔም አልወስነውም። ልጁን የሚከታተለውን ሐኪም ጠይቅ፤ የትኛው መጫወቻ ይፈቀድለታል፣ የትኛው ይከለከላል ብለህ በስም እየጠራህ ጠይቅ። ከፍታ ላይ የሚያወጣና ውሃ ያለበት መጫወቻ ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይሞከርም። ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ሁሉንም ታማሚ ይጥላል የሚባለው ትክክል አይደለም፤ በመብራት የሚነሳባቸው ከመቶ ሦስት ያህሉ ናቸው። ልጅህ ከእነዚያ አንዱ መሆን አለመሆኑን የሚነግርህ ሐኪሙ ነው።

ብዙ ጊዜ በሽታውን የሚቀሰቅሰው እንቅልፍ ማጣትና መድኃኒት መዝለል ነው። ለጉዞ ተብሎ ሌሊት 9 ሰዓት የተቀሰቀሰ፣ ኪኒኑ ቤት የተረሳ ልጅ ማሽን ላይ ባይወጣም አደጋ ውስጥ ነው። ስለዚህ በጊዜ ይተኛ፣ ረፈድ ብላችሁ ተነሱ፣ መድኃኒቱን ራስህ ያዝ።

ከጣለው በጎኑ አስተኙት፣ የሚጎዳውን ነገር ሁሉ ከአጠገቡ አርቁ። አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፤ ክብሪት ጭራችሁም አታሽትቱት፣ ያቃጥለዋል እንጂ አይረዳውም። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። ይህን አብረውት ለሚሄዱት ሁሉ ንገራቸው፤ ከመካከላቸው አንድ አዋቂ ዓይኑን ከእሱ ላይ እንዳያነሳ አድርግ።

ሐኪሙን ሳታነጋግር ግን ትኬት አትቁረጥ። ቀጠሮው ከጉዞው በኋላ ከሆነ ጉዞውን አዘግዩት፤ የአጎቱ ልጆች ይጠብቁት። የተባልከውን ጻፍልኝ።