መልስ፦ የልጅነት የበረዶ ደስታ ዳግም ይመለሳል ወይ?

የተከበሩ ጠያቂ፣ ሚኒሶታ ብዙ ዓመት እንደኖሩና በረዶ ሲጥል አሁን የሚታይዎት የመንገዱ መንሸራተት ብቻ እንደሆነ ገልጸው፣ የልጅነት ደስታ ይመለስ እንደሆነ ጠይቀዋል። ከራሴ እንዳየሁት ይመለሳል። ደብረ ብርሃን ሳድግ፣ የሐምሌ በረዶ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲደበድበው፣ እስኪያባራ እንኳ ሳንታገሥ ጣሳ ይዘን እየወጣን እንለቅም፣ በአፋችንም እናሟሟው ነበር። ሚኒያፖሊስ ከመጣሁ በኋላ ግን፣ አንድ ቅዳሜ ልጄ ቴዎዶር ዊርዝ ፓርክ ወስዳኝ ከኮረብታው በመንሸራተቻ እስክንወርድ ድረስ፣ በረዶን የማውቀው በአካፋ ብቻ ነበር። ታች ስንደርስ ጣሳ ይዤ የምሮጥበት ዘመን ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ቀኑን ግን ይምረጡ፤ ብርዱ እጅግ ሲከፋ በረዶው እንደ ዱቄት ስለሚበተን አይጨበጥም፣ ወደ 0 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ግን ጥቂት እርጥበት ስለሚይዝ ኳስም ሰውም ይሠሩበታል። ካልሲዎ ከጥጥ ይልቅ የሱፍ ይሁን። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው በረዶ ሲጥል ያደረበትን ማለዳ ነው፤ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ድምፅን ስለሚውጥ ከተማው ጸጥ ይላል፤ አካፋውን ከማንሣትዎ በፊት ጥቂት ደቂቃ ደጅ ቆመው ያዳምጡት።