«ዘው» ማለትና «ሰተት» ማለት

ጥያቄ፦ ባለፈው እሑድ አማቴ ቤት ሄጄ ነበር። በሩ ገርበብ ብሎ ስላገኘሁት ሳላንኳኳ ገባሁ። አማቴ «ውይ ልጄ፣ እንዲህ ዘው ትያለሽ?» አሉኝ። እየሳቁ ነው ያሉት፤ እኔን ግን ቃሉ ከነከነኝ። «ዘው ማለት» ስድብ ነው? ከ«ሰተት ማለት»ስ በምን ይለያል?

መልስ፦ ስድብ አይደለም። ወቀሳ ግን አለበት።

«ዘው አለ» ማለት ሳያስፈቅድ፣ ሳይጣራ፣ በአንድ ጊዜ ገባ ማለት ነው። ሲነገር «ው» ጠበቅ ይላል። አስፈቅዶ የገባ ሰው የቱንም ያህል ቢቸኩል ዘው አለ አይባልም። ቀስ ብሎ ተደብቆ የገባም ሹልክ አለ እንጂ ዘው አላለም። በሩን በኃይል ገፍቶ ከሆነ ደግሞ «በርግዶ ገባ» እንላለን።

ወቀሳው ከየት መጣ? በገጠር እንግዳ ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል። ከውስጥ «ደጆች!» ይሉታል። ከዚያ ነው «ይግቡ» የሚባለው። በመሃል ያለችው አፍታ ትንሽ ትመስላለች። ግን እመቤቲቱ ነጠላዋን የምታስተካክለው፣ የተዝረከረከውን ከፊት የምታነሳው በዚያች አፍታ ነው። ዘው ያለ ሰው ይህችን አፍታ ይነሳታል። በሩ ክፍት መሆኑም አያድነውም።

«ሰተት» የሚናገረው ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ከልካይ እንደሌለ። እንግዳ ስንጋብዝ «ሰተት ብላችሁ ግቡ» እንላለን። «ዘው ብላችሁ ግቡ» ብሎ የጋበዘ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ዘበኛ ተኝቶ ሌባ ሲገባም «ሰተት ብሎ ገባ» ይባላል። ልብ ይበሉ፤ እዚህ ላይ ነቀፋው ዘበኛውንም ይነካል። በ«ዘው» ግን የሚወቀሰው ገቢው ብቻ ነው።

በር በሌለበትም ቃሉ ይሠራል። ሳያጠና ንግድ የጀመረ ሰው «ዘው ብሎ ገባበት» ይባላል። ያለፈው ማንኳኳቱን ሳይሆን ማሰቡን ነው። በሰው ጨዋታ መሃል ለሚገባ ግን እኔ «ጥልቅ አለ» የሚለውን እመርጣለሁ። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚባለው እሱ ነው። «ከች አለ» ደግሞ ድንገት ደረሰ ነው፤ ሜዳ ላይም ከች ይባላል።

ስለ አረባቡ አንድ ነገር ልጨምር፤ በጣም የምወደው የቋንቋችን ጠባይ ነው። «ዘው» ራሱ አይረባም፤ መልኩ አይለዋወጥም ማለቴ ነው። የሚረባው «አለ» ነው፦ ዘው አልኩ፣ ዘው አለች፣ ዘው አሉ። እንደ «ዝም አለ» እና «ብድግ አለ» ማለት ነው። «አለ» እዚህ መናገርን አያመለክትም። ትግርኛም «ስቕ በለ»፣ ኦሮምኛም «ጨል ጄዼ» ይላል። ሁለቱም «ዝም አለ» ናቸው፤ ሁለቱም የተሠሩት «አለ» በሚለው በየራሳቸው ግሥ ነው። ጎረቤታሞቹ ቋንቋዎች አንድ ብልሃት መጋራታቸው ሁሌም ይገርመኛል። ታዲያ ከ«ዝም» «ዝምታ» ሲወጣ፣ ከ«ዘው» «ዘውታ» አይወጣም። ስም ካስፈለገዎት «ዘው ማለት» ይበሉ።

ወደ አማትዎ ልመለስ። የምር ተቆጥተው ቢሆን «ዘው አትበይ!» ይሉ ነበር። እሳቸው ግን «ልጄ» ብለው ጀመሩ፤ ቀጥሎም ጠየቁ እንጂ አልከለከሉም። ቢሆንም በሚቀጥለው እሑድ ደጃፉ ላይ ቆም ብለው «ቤቶች!» ይበሉ።