ከማይግሬን ጋር መኖር፦ ሥራው፣ ትዳሩ፣ ገንዘቡ (የቡድናችን ጥያቄና መልስ)

ፋርማሲስት ነኝ፤ ማይግሬኑም የራሴው ነው። ስትጠይቁ በወር ስንት ቀን እንደሚያማችሁና ስንት ቀን ማስታገሻ እንደምትወስዱ ጻፉልኝ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ደሞዜ በማስታገሻ አለቀ። ዳይክሎፌናክ በየቀኑ እውጣለሁ፤ ካልዋጥኩ ጠዋት ራሴን እያመመኝ እነቃለሁ።

መልስ፦ እኅቴ፣ ይሄን ረዘም አድርጌ ልመልስ። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም ፓራሲታሞል በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ኤርጎታሚን (የማይግሬን ማስታገሻ) ያለበት ክኒን ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከ3 ወር ለበለጠ ጊዜ ከተወሰደ ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል። ጠዋት የሚቀሰቅስሽ እሱ ሊሆን ይችላል። ዳይክሎፌናክ ጨጓራና ኩላሊትም ሊጎዳ ይችላል። ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ሕመሙ እንዳይነሣ ስለሚከላከል መድኃኒት ጠይቂ፤ ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን አሉ። አስም ካለብሽ ተናገሪ፣ ፕሮፕራኖሎል ለአስም አይሆንም። ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ በ5ኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብለሽ እንዳትተዪው። ማስታገሻ የወሰድሽበትን ቀን ሁሉ ካላንደር ላይ ምልክት አድርጊ።

ጥያቄ፦ በዚህ ወር 3 ቀን ከሥራ ቀረሁ። አለቃዬ «ራስ ምታት ማንን አያመውም?» ይለኛል።

መልስ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ አለው፦ 1 ወር በሙሉ ደሞዝ፣ ቀጥሎ 2 ወር በግማሽ፣ ከዚያ 3 ወር ያለ ደሞዝ። የሐኪም ማስረጃ ያስፈልግሃል። የቀረውን ሕግ አዋቂ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ አማቴ ቡና ሲያፈሉ ዕጣኑ ሕመሜን ይቀሰቅሰዋል። ተነሥቼ ስወጣ «ናቀችኝ» ይላሉ፤ ባሌ ዝም ይላል።

መልስ፦ ደህና በሆንሽበት ቀን ባልሽ ራሱ ይንገራቸው። እኛ ቤት ዕጣኑ ወደ በረንዳ ወጣ፣ ቡናውን አብረን እንጠጣለን።

አንድ አባል፦ ቡናውን ራሱን ተዪው! እኔ ትቼ ነው የዳንኩት።

ሌላ አባል፦ እኔ ደግሞ በጾም የጠዋት ቡናዬ ሲቀር ነው የሚነሣብኝ።

የመጀመሪያው፦ እሱማ ሱስ ነው።

መልስ፦ በዚህ አትጣሉ። ካፌይን በድንገት ሲቋረጥ ራስ ያማል፤ ጾም ሳይገባ ቀስ በቀስ መቀነስ ነው።

ጥያቄ፦ ለራስ ምታት ምን ጥሩ ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ ላይ ምን አልኩ? በወር ስንት ቀን?

ጥያቄ፦ ፓራሲታሞል በየቀኑ ብወስድስ? እሱ ቀላል ነው።

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። ፓራሲታሞልም ይቆጠራል! 15 ቀን!

ጥያቄ፦ ሕመሙ ሊጀምረኝ ሲል ዐይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል። የወሊድ መከላከያ ክኒን እወስዳለሁ።

መልስ፦ እንዲህ ብልጭታ ያለበት ማይግሬን ላለባት፣ ክኒኑ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ካለበት የስትሮክ አደጋ ይጨምራል። በዚህ ሳምንት ሐኪም አማክሪ፤ ሌላ ዓይነት መከላከያ አለ።

የአዳማዋ፦ «በየቀኑ» ያልኩትን ማስታገሻ ያለፈውን ወር ቆጠርኩት፣ 22 ቀን ሆነ።

መልስ፦ ይህን ቁጥር ይዘሽ ሐኪም ዘንድ ግቢ። ማስታገሻውን ስታቆሚ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊብሱብሽ ይችላሉ፤ ባልሽም አለቃሽም ቀድመው ይወቁት።